የሩፋኤል ለት ማዕበል

ሚኒሶታ፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ጎማ የማስቀይርበት አንድ ጋራዥ አለ። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጥል እዚያ ቁጭ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ፣ በሩ ላይ የተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ረጥበው ሽታቸው ወደ ውስጥ ገባ። የረጠበ ጎማ ሽታ ማንም የሚወደው ሽታ አይደለም። እኔ ግን ዐይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ደህና ነሽ?» እስኪለኝ ድረስ አልነቃሁም። ደህና ነበርኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጫማዬ በአሸዋ ተሞልቶ፣ በእጄ ቢጫ ጀሪካን ይዤ፣ ከአንገቷ እስከ እግሯ ጥቁር ጎማ የለበሰች አሮጊት ፈረንጅ ፊት ቆሜ ነበር።

ያ ክረምት የእቴቴ የሺ ክረምት ነው።

እቴቴ የሺ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች እናቴን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ስለዚህ እናቴ ፊቷ ቀና ብላ አትናገርም ነበር። አባቴም ቢሆን «እትዬ የሺ» ሲላት ከሶፋው ብድግ ይላል። በሰኔ ከደሴ መጥታ ሲዋርድ ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ፣ እኔ ክፍል፣ ከእኔ አልጋ ትይዩ ተኛች። እስከዚያ ጊዜ ድረስ እናቴ በአማርኛ ስታናግረኝ በእንግሊዝኛ ነበር የምመልስላት። እቴቴ የሺ ጋ ይኼ አይሠራም። በእንግሊዝኛ ከመለስኩላት ዞር ብላ ግድግዳውን ታያለች፤ ግድግዳው የተናገረ ይመስል። አማርኛዬ የተቃናው በዚያ ክረምት ነው።

ክረምት የምለውም ለእሷ ብዬ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ጊዜ ነው። እቴቴ የሺ ግን ሐምሌን ሐምሌ ነው ብላ ያዘችው። ቡናማ ወፍራም ሹራቧን ለደቂቃ አላወልቅም አለች።

«እቴቴ፣ ሰመር ነው እኮ። ሆት ነው።»

«በሐምሌ ምን በጋ አለ? ዝም በይ አንቺ ልጅ። ሰማዩ ተሳስቶ ነው።»

ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ ሰማዩ ስሕተቱን እስኪያርም ድረስ በመስኮት ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር። እኔ በጣም ግትር ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ። ግትርና ቁጡ። ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ «ያ ነገር» የሚባል ነገር ነበር። እናቴ ኤደን ፕሬሪ ካለው ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ ሥራዋ ስትመለስ፣ አባቴ የሕመምተኛ ማመላለሻ ቫኑን አቁሞ ሲገባ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው ስለ እሱ ያወራሉ።

«ያ ነገር ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት» ይላል አባቴ።

«አላስወጣም ካለችኝ ምን ላድርጋት? አስሬ ልውሰዳት?» ትላለች እናቴ።

እኔ ስገባ ስለ ግሮሰሪ ማውራት ይጀምራሉ። ነገሩን ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። እቴቴ የሺ በሻንጣዋ አንድ የተከለከለ ነገር ይዛ ገብታለች። ኤርፖርት ላይ አላዩባትም። አሁን ከቤት ይውጣ እየተባለ እሷ እምቢ ብላለች። ከአገር ሰው ሲመጣ ወላጆቼ ኤርፖርት በር ላይ ስለ ሻንጣ እንዴት እንደሚጨነቁ ስለማውቅ፣ ፖሊስ መጥቶ በር እስኪያንኳኳ ድረስ መጠበቅ አልፈለግሁም። አንድ ቀን እሷ ሻወር ስትገባ ሻንጣውን ከአልጋዋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩት።

በርበሬ አለ። ሽሮ አለ። ድርቆሽ በፌስታል። ከሁሉም ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ምንም ጥለት የሌለው፣ ረጅም ነጭ ቀሚስ። ቀሚሱን ዘርግቼ ኪስ ስፈልግለት በሩ ተከፈተ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ።

«ያ ነገር» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ግን መጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እጄን ያዘችና በጎኗ በኩል ወደ ጀርባዋ ወስዳ፣ ከጎድኗ ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ነው ያለው» አለች። የተሰማኝ ሹራቡ ብቻ ነበር። «ኩላሊቴ ላይ የበቀለ ነገር አለ ይላሉ። ሳይሰፋ በቢላ እናውጣው ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን አታስወጪውም?»

«አስተኝተውኝ ነው የሚያወጡት። መተኛቱንስ እተኛለሁ። ተኝቶ መነሣት ግን የማን ሥራ ነው?»

እኔ ችግሩ እንቅልፍ መሰለኝ። እናቴን ለሺፍት የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ሥራ የሚያክለኝ የለም። «እኔ እቀሰቅስሻለሁ» አልኳት።

«ቃል ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቃል ነው» አልኳት። ከዚያ ቀሚሱን ከእጄ ተቀብላ እያጠፈች የጳጉሜ ልብሷ እንደሆነ ነገረችኝ። በጳጉሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ አገሩ ሁሉ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። በተለይ በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ሰማይ ይከፈታል፤ የዓለም ውኃ ሁሉ ጸበል ይሆናል። እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ አንድም ዓመት አላስታጎለችም። ማታውኑ እናቴንና አባቴን ሶፋ ላይ አስቀምጣ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ ሩፋኤልን ሳትጠመቅ ቢላ አይነካትም፤ ከተጠመቀች በኋላ ግን እንደፈለጉ ያድርጓት። እናቴ ሐኪሙን ጠየቀች። እስከ መስከረም ቢቆይ ግድ የለም፣ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም አለ። እንዲህ ሆኖ ቤተሰቡ በሙሉ ውኃ ፍለጋ ወጣ።

የአሥር ሺህ ሐይቅ አገር በሚባል ስቴት ውስጥ ውኃ ማጣት ይቻላል? እቴቴ የሺን ይዞ ከሆነ ይቻላል። የእሷ ውኃ መንቀሳቀስ አለበት። «የቆመ ውኃ ምን ያደርግልኛል? ሕመሜን ተቀብሎ ወዴት ሊወስደው?» ትላለች።

መጀመሪያ ሚሲሲፒ ወረድን፤ ከቤታችን በእግር የሚኬድ ነው። ድልድዩ ሥር ቆማ ቡናማውን ውኃ አየችው። መሐሉ ላይ አንድ የሱፐርማርኬት ጋሪ ተገልብጦ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ይታያሉ። አባቴ ከኋላ ሆኖ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከሻወር ሌላ ውኃ የማያምን ሰው ነው። «እትዬ የሺ፣ ይኼ ሪስኪ ነው። ከረንት አለው፤ ሰው ይወስዳል» አላት። «ጋሪም ይወስዳል» አለችና ተመለሰች። ቀጥሎ ከተማ ውስጥ ካሉት ሐይቆች ወደ አንዱ ሄድን። ውኃው አረንጓዴ ቅባት ለብሷል፤ መዋኘት ለጊዜው ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ቆሟል። «ይኼ ሾርባ ነው» አለች፤ ከመኪናም አልወረደች። ሚኒሃሃ ፏፏቴ ጋ ስንደርስ ደግሞ፣ ዝናብ የጠፋበት ዓመት ስለነበር ከገደሉ ላይ የሚወርደው ውኃ ቀጭን ሆኗል፤ ወደ ታች መግባትም አይፈቀድም። «ቧንቧ ሳይዘጉ ረስተው ሄደው ነው» አለች።

እናቴ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ጋሽ ታደሰ የሚባል የትራክ ሹፌር መላ አመጣ። ጋሽ ታደሰ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዱሉዝ ከተማ፣ ጭነት ይዞ ይመላለሳል። «ሐይቅ ይሉታል እንጂ ባሕር ነው። ማዶው አይታይም። ሞገድ አለው፣ መርከብ አለው። ግን ጨው የለውም፤ ይጠጣል» አለ።

እቴቴ የሺ ሹራቧን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች። «ሞገድ አለው?»

«አለው። አንዳንድ ቀን ግን ዝም ይላል። ቀኑን አይቶ መሄድ ነው።»

ቀኑን ማየት የእኔ ሥራ ሆነ። እናቴ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ። የዱሉዝ ሞገድ ብዬ በእንግሊዝኛ ስጽፍ አንድ ገጽ አገኘሁ። ለእያንዳንዱ ቀን የሞገዱ ቁመት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የውኃው ቅዝቃዜ አለ። ከጎኑ ደግሞ ቀለም አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ። ከቀዩ ሥር «ደካማ»፣ ከአረንጓዴው ሥር «ጥሩ» የሚል ቃል ተጽፏል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ነገሩ እርግጠኛ እንዲሆን አባቴንም ጠየቅሁት። «ቀይ ቁም፣ ቢጫ ተዘጋጅ፣ አረንጓዴ እለፍ» አለኝ። «የትም ዓለም ያው ነው። ሃያ ዓመት ድራይቭ አድርጌያለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ከራት በኋላ፣ ዜና አነባለሁ። እቴቴ የሺ እጇን አጣምራ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት እቆማለሁ። ሰላምታ ከዘለልኩ «ዜና እንዲህ አይጀመርም» ብላ ታስቆመኛለች።

«እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የዱሉዝ ባሕር ቀይ ነው። ሞገዱ ከግማሽ ጫማ አይበልጥም። ነፋስ የለም።»

«ነገስ?»

«ነገም ቀይ።»

ትተነፍሳለች። ሐምሌን ሙሉ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። በነሐሴ አንድ ቀን ቢጫ ሲሆን ከሶፋው ተነሥታ ቆመች። ቀይ ባነበብኩ ቁጥር ፊቷ ሲጠቁር ልቤ ይሰበር ነበር። ልጅ ሆኜ ያለቀስኩት ብዙ ነው፤ ስለ አየር ሁኔታ ያለቀስኩት ግን በዚያ ክረምት ብቻ ነው። ባሕሩን የማዝዘው እኔ ይመስለኝ ነበር፤ ዜናውን የማነበው እኔ ነኛ።

ከዚያ ጳጉሜ ሊገባ ሲል ሩፋኤል የሚውልበት ቅዳሜ ገጹ ላይ ብቅ አለ። መጀመሪያ ቢጫ ነበር። በማግስቱ አረንጓዴ ሆነ። በሚቀጥለው ቀን እስከዚያ ድረስ አይቼው የማላውቅ ድፍን አረንጓዴ፣ ከሥሩም የክረምቱ ምርጥ ቀን ነው የሚል። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ሰላምታውንም ረሳሁት። «እቴቴ! ለሩፋኤል አረንጓዴ ነው! ከሁሉም ምርጡ ቀን ነው ይላል!»

አንዴ እልል አለች። እናቴ ዐይኗን ጠረገች። አባቴ እንኳን «ሩፋኤል ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል» አለ።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣን። እቴቴ የሺ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ ከላዩ ሹራቧን ደርባለች። እኔ ቢጫውን ጀሪካን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ሰማዩ ዝቅ እያለ መጣ። ነፋሱ ቫኑን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ሶሲ፣ አረንጓዴ ነው ያልሽው አይደል?» አለኝ። ስልኩን አሳየሁት። አረንጓዴ ነው። እናቴ ከሹፌሩ ጎን ሆና መዝሙረ ዳዊቷን ከፈተች። ዱሉዝ መግቢያ ላይ መንገዱ ከኮረብታው ሲወርድ ውኃው ባንዴ ፊታችን ተዘረጋ። ግራጫ ነው፤ ጫፍ የለውም፤ ነጭ ነጭ መስመሮች እየተከታተሉ ወደ ከተማው ይመጣሉ። እቴቴ የሺ አማተበች። «ይኼን ሁሉ ውኃ ይዘው ነው እንዴ ያንን ሾርባ ያሳዩኝ?» አለች።

ጋሽ ታደሰ የነገረን የባሕር ዳርቻ ጋ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ በሩ ከአባቴ እጅ አመለጠ። ሳር የበቀለበትን የአሸዋ ጉብታ ወጥተን ወደ ማዶ ስናይ ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ሞገዱ ከአባቴ ቁመት ይበልጣል። እየተነሣ፣ እየጎበጠ፣ እየተሰበረ ይመጣል፤ ሲሰበር ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ዳርቻው ላይ ባለው ምሰሶ ላይ ባንዲራ ይውለበለባል። ባንዲራው ቀይ ነው።

አባቴ ባንዲራውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «ሶሲ፣ ምን ነበር ያልሽው?»

«አረንጓዴ።»

«ያ ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቀይ።»

ስልኩን እንደገና አወጣሁለት። ስልኩ አረንጓዴ፣ ምሰሶው ቀይ። ዕድሜውን ሙሉ ለትራፊክ መብራት ሲታዘዝ የኖረ ሰው ነው፤ እዚያ አሸዋ ላይ ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው።

«ተመለሱ» አለች እናቴ። «ሁላችሁም መኪና ውስጥ ግቡ። እትዬ፣ በቃ፣ አልሆነም። ሐሳብሽን እግዜር አይቶልሻል።»

እቴቴ የሺ አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ ከተመለስኩ ቃሌም አብሮኝ ይመለሳል» አለች።

እናቴ በእሷ ፊት ጮክ ብላ ስትናገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ትሞቻለሽ እኮ! እዚህ ብትገቢም ትሞቻለሽ፣ ሐኪም ቤት ባትገቢም ትሞቻለሽ! እኔስ ምን ልሁን? አንዴ እናት ቀብሬያለሁ፤ ስንት እናት ነው የምቀብረው?» ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያ ነገር ምን እንደሆነ በእውነት የገባኝ እዚያ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ መሞት የሚለውን ቃል ማንም ቤታችን ውስጥ አልተናገረውም ነበር። ጀሪካኑን በሁለት እጄ አቅፌ ቆምኩ። ፈራሁ፤ ደግሞም የአረንጓዴው ጥፋት የእኔ መሰለኝ።

እቴቴ የሺ ግን እናቴን አላየቻትም። ወደ ውኃው ጣቷን ዘርግታ ነበር። «እነዚያ እነማን ናቸው?» አለች።

ሞገዱ መሐል ጥቁር ጥቁር ነገሮች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። መጀመሪያ ዓሣ መስለውኝ ነበር። አንዱ ግን ተነሥቶ ቆመና በሞገዱ ጀርባ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። ሰዎች ናቸው። ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሱ፣ ረጃጅም ሰሌዳ የያዙ ሰዎች።

«ያውቃሉ» አለች እቴቴ የሺ። ፊቷ በርቶ ነበር። «ሩፋኤልን ያውቃሉ እኮ!»

«እትዬ የሺ፣ እነሱ እየተጫወቱ ነው» አለ አባቴ።

«በዚህ ጠዋት? በዚህ ብርድ? ልክ በሩፋኤል? ማን ነው እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የሚጫወተው?»

ከመሐላቸው አንዷ ሰሌዳዋን በብብቷ ይዛ ወጣች። ቆቧን ስታወልቅ ፀጉሯ ድፍን ሽበት ነው። አንዲት የምታለቅስ ሴት፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት፣ አንድ ግራ የገባው ሰውዬና ጀሪካን የያዘች ልጅ ስታይ ወደ እኛ መጣች። ያ የረጠበ ጎማ ሽታ አብሯት መጣ። ሁላችንም ሰላም መሆናችንን ጠየቀችኝ። ስልኩን ሰጠኋትና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ሩፋኤልን፣ ቃሉን፣ ቢላውን፣ አረንጓዴውን።

ስልኩን አይታ ሳቀች፤ ደግ ሳቅ ነው። ገጹ የተሠራው እንደ እሷ ሞገድ ለሚጋልቡ ሰዎች መሆኑን አስረዳችኝ። ለእነሱ ጥሩ ማለት ባሕሩ ሲቆጣ ነው። ለአያትሽ ከሆነ ግን ቀይ ቀን ነበር መምጣት ያለባችሁ አለች። አክስቴ ናት አልኳት። ለቤተሰቤ ሳስተረጉም አባቴ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ያዘንባቸው ቀናት ሁሉ የእኛ ቀናት ነበሩ።

እቴቴ የሺ ስለ ቀለሙ ግድ አልሰጣትም። «ጠይቂያት እስቲ፤ ዕድሜዋ ስንት ነው?»

አፈርኩ፣ ግን ጠየቅሁ። ከእቴቴ የሺ በሁለት ዓመት ትበልጣለች።

«ስለ ምን እንደምትጠመቅ ጠይቂያት።»

ይኼን እንዴት በእንግሊዝኛ እንደምለው አላወቅሁም። ለምን ወደ ውኃው እንደምትገባ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሁለት ጉልበቶቿን በእጇ መታ መታ አደረገች። ሁለቱም ብረት ናቸው አለች። ቀደው፣ የራሷን አውጥተው፣ ብረት አስገቡላት። ሲያስተኟት ቁጠሪ አሏት፤ እሷ ግን ቁጥሩን ትታ ይኼ ውኃ ዳርቻውን ሲመታ በሐሳቧ እየሰማች ተኛች።

«በቢላ?» አለች እቴቴ የሺ።

«በቢላ ነው አለች።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ተነሣች?»

ይኼንንም ለሴትዮዋ አስተረጎምኩላት። ሰሌዳውን አሸዋው ላይ ጣለችና ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች፤ ይኸው እያያችሁኝ እንደማለት።

እቴቴ የሺ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ሹራቧን አወለቀች። ያን ሹራብ፣ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ያላስወለቃትን፣ አጥፋ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ሴትዮዋ ሞገዱ ተሰብሮ ሳስቶ የሚደርስበትን ቦታ አሳየችን። ከዚያ አልፎ አይኬድም፤ ከጉልበት አይበልጥም፤ እሷ በባሕሩ በኩል ትቆማለች። አባቴ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ጠቀለለ። የእቴቴ የሺን ቀኝ ክንድ ይዞ ገባ። ግራውን ፈረንጇ ይዛለች። እናቴ ከአሸዋው ተነሥታ ዳዊቷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

የመጀመሪያው ሞገድ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ። «በስመ አብ» አለች እቴቴ የሺ። ሁለተኛው ጉልበታቸው ጋ ደረሰ። «ወወልድ» አለች፤ ድምፅዋ ከብርዱ የተነሣ ተቆረጠ። ሦስተኛው እስክትጨርስ አልጠበቃትም። ከሌሎቹ ኋላ ተደብቆ የመጣ ትልቅ ሞገድ ነበር። አባቴን፣ ፈረንጇን፣ ነጩን ቀሚስ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አነሣና ወደ ዳርቻው ጣላቸው። ለአፍታ ከአረፋ በቀር ምንም አይታይም ነበር። እናቴ ጮኸች።

አረፋው ወደ ኋላ ሲሸሽ እቴቴ የሺ አሸዋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ሻሿ ሄዷል። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። አባቴ አጠገቧ በአራት እግሩ ቆሞ ውኃ ይተፋል። ክንዷን ግን አለቀቀውም። እሷም ትስቃለች። ከሆዷ፣ ጥርሷን ሁሉ እያሳየች፣ ሕፃን ሲኮረኩሩት እንደሚስቀው ትስቃለች። «ወመንፈስ ቅዱስን ራሱ ጨረሰልኝ!» ትላለች፤ ደግሞ ትስቃለች። እናቴ በጫማዋ ውኃ ውስጥ ገብታ አቀፈቻት። እኔም ሮጬ ጀሪካኑን ሞላሁ፤ ግማሹ አሸዋ ነበር።

ስንለያይ እቴቴ የሺ ፈረንጇን አገላብጣ ሳመቻትና «ጉልበትሽን ያጽናልሽ» አለቻት። ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ጎንበስ ብላ እኔንም አቀፈችኝ። አፍንጫዬ ያ ጎማ ላይ ተለጠፈ።

መስከረም ሲገባ ሚኒሶታ ቀዘቀዘች። እቴቴ የሺ ሹራቧን አለብስም አለች። «አደይ በፈነዳ ጊዜ ምን ሹራብ አለ?» ብላ በስስ ቀሚስ ተንቀጠቀጠች። ቃሏን ግን አላጠፈችም። መስቀል ባለፈ ሳምንት ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጅታ «እንሂድ» አለች።

ሐኪም ቤት ውስጥ አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ሁሉም ነገር ከተነገራት በኋላ፣ አልጋዋን ሊገፉ ሲሉ፣ እቴቴ የሺ እጇን አነሣች። «ቆይ፣ ዜናዬን አልሰማሁም» አለች።

ስልኩን አውጥቼ አልጋው ግርጌ ቆምኩ። «እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የዱሉዝ ባሕር ቀይ ነው። ሞገድ የለም። ነፋስ የለም።»

አሁን ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «ጥሩ» አለች። «እኔ ስተኛ እሱም ይተኛ። አንቺ ግን ቃልሽን አትርሺ።» ወሰዷት።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አባቴ በተቀመጠበት ያንጎላጃል፣ እናቴ ትጸልያለች፣ እኔ ስልኩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጥቶ እናቴን በፈገግታ አነጋገራት። «ወጣ! ያ ነገር ወጣ!» አለ አባቴ፤ ሰዎች ዞረው እስኪያዩት ድረስ። ግን ወደ ክፍሏ ስንገባ እቴቴ የሺ አልነቃችም። ነርሷ ጊዜ ይወስዳል አለች። እናቴ እጇን ይዛ «እትዬ» አለቻት። ምንም። እኔ ተጠግቼ «እቴቴ፣ ተነሺ» አልኳት። ትከሻዋን ነካሁት። ምንም። እናቴን ለሺፍት ስቀሰቅሳት እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ስልኩን አወጣሁ። አልጋው ግርጌ ሄጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። «የዱሉዝ ባሕር ጠዋት ቀይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተነሥቷል። ሞገዱ እየጨመረ ነው። አሁን አረንጓዴ ነው።»

ዐይኗ እንደተከደነ ነው። የደረቀ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ፤ እናቴ ጆሮዋን አስጠጋች፣ እኔም ቀረብኩ።

«እሱም ነቃ በይኛ» አለች።